የደካሞች ልክ፤ ስለ ሥርዓተ ጳኩሚስ

በከተማ የሚኖሩ ምእመናን፥ ነጋዴውም ጸሐፊውም የትምህርት ቤት መምህሩም፥ ከሥራ በኋላ ተሰብስበው የሚጸልዩበትን ማኅበር ለማቆም ባሰቡ ጊዜ ሁሉ ወደ እኛ ወደ ካህናቱ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፥ ማንንም ሳናስገድድ ማኅበሩን እንዴት አድርገን እናጸናዋለን? የሚል ነው። ሥርዓቱ ቢከብድ ሰው ይሸሻል፤ ሥርዓት ባይኖር ደግሞ የሚሰበሰበው ሰው በመጀመሪያው ወር ብዙ፥ በሦስተኛው ወር ጥቂት ይሆናል፤ ዓመቱ ሲመለስ ማንም አይገኝም። ቋንቋችን ነገሩን አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ ገብቶበት ሊተወው የማይገባውን ነገር የውዴታ ግዴታ እንለዋለንና። ነገር ግን ውዴታና ግዴታ ቤት ስለ መቱ ብቻ በአንድ ቤት አይኖሩም። እኔም ይህን ጥያቄ ከራሴ አሳብ አውጥቼ ከምመልሰው ይልቅ፥ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ ከኖረ ከአንድ ታናሽ መጽሐፍ ብፈልገው ይሻላል ብዬ ሥርዓተ ጳኩሚስን እንደ ገና አነበብሁት።

መጽሐፉ በእውነት ታናሽ ነው። ዲልማን የተባለው የጀርመን አገር ሊቅ በ1866 ዓ.ም. በላይፕሲክ ከተማ ባሳተመው የግእዝ ንባቦች ስብስብ ውስጥ ከጥቂት ገጽ አይበልጥም። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።) የመጀመሪያው ክፍል፥ ጳላዲዮስ የተባለው ኤጲስ ቆጶስ በ420 ገደማ በቍስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት ለነበረው ለላውሶስ ከጻፈው የአባቶች ታሪክ ጋር ይገጥማል። የእኛ አገር መነኮሳት የምንኵስናን ሐረግ ሲቈጥሩ ከእንጦንስ ወደ መቃርስ፥ ከመቃርስ ወደ ጳኩሚስ፥ ከጳኩሚስም ወደ አቡነ አረጋዊ ያወርዱታልና፥ የመጽሐፉ ክብር በእኛ ዘንድ ታላቅ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ስሙን ያከብራል እንጂ ንባቡን አይመረምርም። ይህ የሊቃውንት ቤት የቈየ ጕድለት ነው፤ የምንሳለመውን መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ድፍረት ይመስለናል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጳኩሚስ በዋሻው ተቀምጦ ሳለ መልአክ ተገለጠለት፤ የራስህን ሥራ ፈጽመሃልና በከንቱ ለብቻህ አትቀመጥ፥ ወጥተህ ወጣቶቹን መነኮሳት ሰብስብ ብሎ የተጻፈበት የናስ ሰሌዳ ሰጠው። በሰሌዳው ላይ ከሁሉ በፊት የሚገኘው የጸሎት ቍጥር አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው እንደ ዐቅሙ ይብላ፥ እንደ ዐቅሙም ይጠጣ የሚል ነው። ለሚበላው በጕልበቱ መጠን ከባዱን ሥራ፥ ለደካማውና ለሚጾመው ቀላሉን ሥራ እንዲሰጠው፥ የሚጾመውን ከጾሙ የሚበላውንም ከመብሉ እንዳይከለክለው ያዝዛል። ጸሎቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ በቀኑ 12፥ በመብራት ጊዜ 12፥ በሌሊቱ 12፥ በዘጠኝ ሰዓትም 3። ጳኩሚስ ይህን በሰማ ጊዜ ጸሎቱ ጥቂት ነው ብሎ ተከራከረ። መልአኩም፥ ይህን የመጠንሁት ታናናሾቹ እንኳ ሥርዓቱን ፈጽመው እንዳያዝኑ ነው፤ ፍጹማኑ ግን ሕግ የሚያወጣላቸው አያሻቸውም የሚል ምክንያት ሰጠው።

እንግዲህ የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ድርሰት አሠራር ልብ ብለህ ተመልከተው። የሥርዓት መጽሐፍ ልማዱ በአንድ ድምፅ መናገር ነው፤ አድርግ፥ አታድርግ፥ ያላደረገ ይቀጣ ይላል። በዚህ መጽሐፍ ግን ሁለት ድምፅ አለ፤ የሚያስገርመውም ነገር ሥርዓቱ በስሙ የሚጠራለት ቅዱስ የተሳሳተውን ወገን ይዞ መገኘቱ ነው። ጸሐፊው ቢፈልግ ኖሮ ጳኩሚስ ሰሌዳውን ሰግዶ ተቀበለ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ክርክሩን ያስገባው ግን፥ ማኅበር የሚያቆም ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ጸሎቱ አነሰ ብሎ እንደሚከራከር ስላወቀ ይመስለኛል። ጀማሪው መሪ ቅንዓቱ ትኵስ ነው፤ የሌላውንም ሰው ጕልበት በራሱ ቅንዓት ይለካዋል።

በቅኔ ቤት እንደ ተማርነው ሰሙን ገፍፈን ወርቁን ብንፈልግ፥ ወርቁ ያለው ታናናሾቹ በሚለው ቃል ላይ ነው። ታናናሾቹ ያላቸው በዕድሜ ገና ልጆች የሆኑትን ነው። አንድም በሥጋ የደከሙትን ነው። አንድም ዕድሜያቸውም ጕልበታቸውም ሙሉ ሆኖ ሳለ በመንፈስ ገና ያልሞቁትን ነው፤ በከተማ ማኅበር ውስጥ የሚበዙት እነዚህ ሦስተኞቹ ናቸው። ሁለተኛውም ቃል እንዳያዝኑ የሚለው ነው። የሚያዝነው ማን ነው? ቢሉ፥ ማታ ማታ የታዘዘውን ሳይፈጽም የሚተኛ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ ያዝናል፤ ቀጥሎ ያፍራል፤ በመጨረሻም ከሚያሳፍረው ስፍራ ይርቃል። ሰነፍ ስለ ሆነ ማኅበሩን ተወ እንላለን፤ መጽሐፉ ግን አዝኖ እንደ ተወ ያውቃል።

የዛሬ ዘመን ተመራማሪዎች የሰሌዳውን ታሪክ በቅብጥና በላቲን ቋንቋ ከተገኘው ከጳኩሚስ ገዳማት ሥርዓት ጋር አስተያይተው፥ ሁለቱ በሁሉ ነገር እንደማይስማሙ አሳይተዋል። በምሳሌ፥ በገዳማቱ ሥርዓት የማታው ጸሎት ስድስት ሆኖ ይገኛል፤ ሰሌዳው ግን 12 ይላል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው የጳላዲዮስ ጽሑፍ ከሩቅ ሰምቶ የጻፈው ነው ብሎ ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም፤ ነገር ግን ሰሌዳው የሸፈነውን ነገር ለማየት የጳኩሚስን የሕይወት ታሪክ አጠገቡ አስቀምጦ ማንበብ ግድ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ጳኩሚስ የአረማውያን ልጅ ነበረ። በ312 ገደማ፥ ዕድሜው ሃያ ዓመት ያኽል ሲሆን፥ ለውትድርና ታፍሶ ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ሲወሰድ በላይኛው ግብጽ በአንዲት ከተማ እስር ቤት ዘጉበት። በዚያች ሌሊት የከተማው ክርስቲያኖች ማንም ሳያዝዛቸው መብልና መጠጥ ይዘው መጥተው እስረኞቹን መገቡአቸው። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ብሎ ጠየቀ፤ ክርስቲያኖች ናቸው አሉት፤ የልቡ መመለስ ከዚህ ጀመረ። በግዴታ ተይዞ ሳለ ውዴታን ያየ ሰው ነው። ከተለቀቀም በኋላ ተጠመቀ፤ ጰላሞን ከሚባለው ባሕታዊ ዘንድ ተቀምጦ ምንኵስናን ተማረ፤ ከዚያም በታቤኔሲ ማኅበር ሊያቆም ተነሣ።

ሰሌዳው የማይነግረን የመጀመሪያው ማኅበሩ መፍረሱን ነው። በቅብጥ ቋንቋ ከተጻፉት የሕይወቱ ታሪኮች አንዱ ይህን ሳይሸሽግ ይተርከዋል። በዙሪያው ካሉ መንደሮች ሰዎች መጥተው ከእርሱ ጋር መኖር ጀመሩ። እርሱም ደካሞች መሆናቸውን ስላየ ሥርዓቱን አለዘበላቸው፤ እያንዳንዱ የሥራውን ዋጋ በእጁ ይዞ፥ ለመብልና ለእንግዳ የሚሆነውን ድርሻ ብቻ እንዲያመጣ ፈቀደ። ምግባቸውን የሚያዘጋጅ፥ ሸክማቸውን የሚሸከም እርሱ ነበረ። እነርሱ ግን ትሕትናውን አይተው ናቁት፤ እንደ ሎሌ አዘዙት፤ ይሰድቡትም ነበረ። ዓመታት ከታገሣቸው በኋላ፥ ለጸሎት በተጠራችሁ ጊዜ ሁላችሁም ኑ፥ ለመብልም ለሥራም እንዲሁ በአንድነት ኑ፤ ይህን የማትወዱ ከሆነ ወደ ወደዳችሁት ለመሄድ ነጻ ናችሁ አላቸው። ሳቁበት፤ አልመጡም። ሰደዳቸው።

ስለ ማኅበር የሚጽፍ ሰው ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ሊያነበው ይገባል። ጳኩሚስ በዚያን ጊዜ ያለዘበው መጠኑን ብቻ አልነበረም፤ መሰብሰቡን ራሱን ነበረ። ገንዘቡ የየራስ፥ ሰዓቱ የየራስ፥ ሥራው የየራስ ሆነ፤ የጋራ ሆኖ የቀረው የእርሱ ጀርባ ብቻ ነበረ። ሲያባርራቸውም እንኳ ጸሎቱን አብዙ፥ ጾሙን አክብዱ አላላቸውም፤ የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው፤ በተጠራችሁ ጊዜ ኑ።

ሄሮኒሞስ በ404 ዓ.ም. ወደ ላቲን በመለሰው የጳኩሚስ ሥርዓት ውስጥ ይኸው ነገር በታናሽ ትእዛዝ ተቀምጦ ይገኛል። ለጸሎት መለከት በተነፋ ጊዜ በቀን ከመጀመሪያው ጸሎት በኋላ የሚመጣ ይገሠጻል፤ በሌሊት ግን የሥጋ ድካም ስለሚታሰብ ከሦስት ጸሎት በኋላ ካልመጣ በቀር አይገሠጽም። ሦስት ጸሎት! ይህን የጻፈ ሰው ከእንቅልፍ መነሣት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። መለከቱ ለአንዱ ቀድሞ ለሌላው ዘግይቶ አይነፋም፤ ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ምሕረቱ የሚገባው በሰዓቱና በመድረሱ መካከል ነው።

ይህን ሁሉ ሳላስተውል እኔ ራሴ የፈጸምሁትን ጥፋት አሁን መናገር አለብኝ፤ ባልናገር የሌላውን መጽሐፍ ለመተቸት ፊት አይኖረኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደብር 23 ምእመናን ዳዊት የምንደግምበት ማኅበር እንዲቆምላቸው ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ ሥርዓቱን በአንድ ሌሊት ጻፍሁት። ዳዊት ለየዕለቱ የተከፈለ መሆኑን አንባቢው ያውቃል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ በ150 ይፈጸማል። ሁሉም በየቤቱ የዕለቱን እንዲያደርስ፥ ሐሙስ ማታ ደግሞ ከ81 እስከ 110 ያለውን ተሰብስበን ቆመን እየተቀባበልን እንድናነብ አዘዝሁ። የቀረ 10 ብር መቀጮ ይከፍላል፤ የዘገየ በመዝገብ ይጻፋል፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ስሙ ይሰረዛል። ጽሕፈቱ መልካም ነበረ፤ በግእዝ አርእስት ጭምር አስጊጬዋለሁ።

ከመካከላቸው አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ፊደል በጎልማሳነቱ የቈጠረ ሰው ነውና ንባቡ ቀስ ይላል፤ ተራው ሲደርስ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ እርሱም ያልበዋል። ሦስት ሐሙስ ቀረ፤ ስሙን በቀይ ቀለም ሰረዝሁት። በመጻሕፍቶቻችን ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስም እንደሚጠበቅ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ከሳምንት በኋላ ወደ ቤቴ መጥቶ፥ «የኔታ፥ መቀጮውን ልክፈልና ከበሩ አጠገብ ቆሜ ልስማ። ማንበቡ አልሆነልኝም፤ መስማቱን ግን አይከልክሉኝ» አለኝ። እኔም ሥርዓት ለአንድ ሰው አይፈርስም ብዬ መለስሁት። ከእርሱ በኋላ ሌሎችም ቀሩ፤ ስድስት ሆንን፥ አራት ሆንን፥ በዐቢይ ጾም መካከል ተበተንን። መቀጮው ግን ተሰብስቦ 340 ብር ደርሶ ነበረ።

በጳኩሚስ ገዳም የነበረውን የጸሎት አሠራር ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ አንዱ ቆሞ ከቃሉ ያነበንባል፤ የቀሩት ተቀምጠው እጃቸው ገመድ እየገመደ ይሰማሉ። መስማት ሙሉ ጸሎት ሆኖ ይቈጠር ነበረ። በዚያው ሥርዓት ውስጥ ግን እኔን የሚደግፍ የሚመስል ትእዛዝም አለ፤ አሳቤን የሚቃወመውን ልሸሽግ አይገባኝም። ፊደል የማያውቅ ሰው ወደ ገዳሙ ከገባ ባይወድም እንኳ ተገድዶ ንባብ እንዲማር ያዝዛል። ግዴታ እነሆ! ነገር ግን ይኸው ትእዛዝ በቀን ሦስት ጊዜ፥ በአንድና በሦስት በስድስትም ሰዓት የሚሄድበትን አስተማሪ ይመድብለታል፤ ፊደሉንም ይጽፉለታል። ጳኩሚስ የሚያስገድደውን ሰው ያስተምረዋል። እኔ ለልብስ ሰፊው መቀጮ ሰጠሁት እንጂ አስተማሪ አልሰጠሁትም።

የጳላዲዮስን ድርሰት ብወደውም ሁሉን አልቀበልለትም። መልአኩ ማኅበሩን በ24ቱ የጽርእ ፊደላት ክፍል ለክፍል እንዲለይ፥ የዋሆቹን ዮታ፥ ጠማሞቹንም ክሲ በሚባለው ፊደል እንዲጠራ አዘዘው ይላል፤ አለቃው የክሲ ወገኖች እንዴት ናቸው? ብሎ ሲጠይቅ የሚያውቀው ብቻ እንዲያውቅ ነው። ይህ ለሺሕ የሚቈጠር መነኵሴ ለሚያስተዳድር ሰው ጠቅሞት ይሆናል፤ ጳላዲዮስ በታላቁ ገዳም 1,300 መነኮሳት እንደ ነበሩ ይነግረናልና። በፈቃድ በተሰበሰቡ ሃያ ሠላሳ ሰዎች መካከል ግን እንዲህ ያለ ምልክት መርዝ ነው። ሰው የተሰጠውን ስም ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ እኛም የቅኔ ተማሪዎች ሳለን የእኛን ስም ሳይነግሩን አውቀነው ነበረ። ስለ ሦስቱ የሙከራ ዓመታት የሚናገረው ግን ለከተማ ማኅበርም ጥበብ አለው። አዲስ የገባውን ሦስት ዓመት ወደ ከባዱ ተጋድሎ አታስገባው ይላል። በእኛ ማኅበራት ግን ሰውየው በመጣበት ሐሙስ ቃል ኪዳን እናስገባዋለን፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ቃሉን አፍራሽ ሆኖ ይገኛል።

የምዕራቡ ቤኔዲክቶስ በስድስተኛው መቶ ዓመት በጻፈው ሥርዓት በ18ኛው ምዕራፍ መዝሙራቱን ለየሰዓቱ ከደለደለ በኋላ፥ ይህ ድልድል ደስ የማያሰኘው ሰው ቢኖር ሌላ ይደልድል፥ ብቻ በሳምንት 150ው ይፈጸሙ ይላል። ሥርዓት ጸሐፊ የራሱን ድካም እንዲህ ለሌላ ሰው ማሻሻያ ሲተው ማየት ብርቅ ነው።

ይህን አሳብ የሚቃወሙኝ ወንድሞች የሚጠቅሱብኝ የሐናንያን ታሪክ ነው፤ ለእግዚአብሔር ከተሰጠው ግማሹን ያስቀረ ምን እንዳገኘው አላየህምን? ይሉኛል። እኔም የሐዋርያት ሥራን አምስተኛ ምዕራፍ መልሰው እንዲያነቡ እለምናቸዋለሁ። ጴጥሮስ ለሐናንያ የነገረው፥ መሬቱ ሳይሸጥ የእርሱ እንደ ነበረ፥ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በሥልጣኑ ሥር እንደ ነበረ ነው። ግማሹን ብቻ አምጥቻለሁ ቢል ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበረ። የገደለው ማሳነሱ አይደለም፤ ሙሉ አስመስሎ ማምጣቱ ነው። በእኔ ማኅበር ውስጥም፥ ዘግይቼ እንደ ተረዳሁት፥ በየቤታቸው የዕለቱን ዳዊት ሳያደርሱ አድርሰናል እያሉ በመዝገቡ ላይ ምልክት የሚያደርጉ ነበሩ። ልኩን ከሰው ዐቅም በላይ ሰቅዬ ምእመናኑን ውሸት ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።

የአባቶቻችን የጽዋ ማኅበር ብዙ ዘመን የኖረው በዚህ ጥበብ ነበረ። ቀኑ በየወሩ የታወቀ ነው፤ በመድኃኔ ዓለም ወይም በእመቤታችን በዓል ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ማን እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል፤ ሙሴው ያስታውሳል፤ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ዳቦው ትልቅ ይሁን ትንሽ፥ ጠላው ይብዛ ይነስ የባለ ተራው ዐቅም ነው። ዛሬ በከተማ ብዙው የጽዋ ማኅበር ሲፈርስ የምናየው ድግሱ መወዳደሪያ ሆኖ ድኻው ተራው እንዳይደርስ እየፈራ ስለሚወጣ ነው። ቀኑን ማንም አላከበደውም፤ የከበደው ልኩ ነው።

ባለፈው ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ሐሙስ ማታ እንደ ገና እንሰበሰባለን። ከሠላሳው መዝሙር ዐሥሩን ብቻ እናነባለን፤ የሚያነቡት ሦስት ናቸው፤ የቀሩት ይሰማሉ። አንዲት እናት እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አልከለከልኋቸውም። መዝገብ የለም። ሰዓቱ ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ አንድ ጊዜ ሰው ስላነሰ ወደ አንድ ሰዓት እናዛውረው ሲሉኝ እንቢ ብያለሁ። ልብስ ሰፊውንም በባለቤቱ በኩል አስጠራሁት፤ ሥራ በዝቶበታል፥ ለፍልሰታ እመጣለሁ ብሏል አለችኝ።